«እጅ ስናወጣ ወጡ ያራል» ያሉን የ«ጎረቤት» አዘጋጅ ወ/ሮ የሻሽወርቅ ተካ አረፉ

በጆሃንስበርግ የሜይፌርና አካባቢው ኢትዮጵያውያን መረዳጃ እድር፣ የወርኃዊ ጋዜጣችን የ«ጎረቤት» መሥራችና ዋና አዘጋጅ የነበሩት ወ/ሮ የሻሽወርቅ ተካ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከመካከላችን መለየታቸውን ለአባላቱ፣ ለአንባቢዎቻቸውና ለመላው ወገናችን በታላቅ ሐዘን ያሳውቃል።

ሐዘናችን እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ይህን መግለጫ ለማዘጋጀት የተቀመጥን የኮሚቴ አባላት በየመሃሉ እየሳቅን ሁለት ጊዜ ማቋረጣችንን አንደብቅም። ወ/ሮ የሻሽወርቅ የሞተን ሰው ከነበረው አሳምሮ መጻፍ አይወዱም ነበር፤ በጋዜጣቸው ላይም አንድም ቀን አድርገውት አያውቁም። ስለዚህ እኛም እንደነበሩት አድርገን እንጽፋቸዋለን።

እንደነበሩትም ማለት ይህ ነው። ወ/ሮ የሻሽወርቅ ሴት ሆነው፣ ሴቶች በእድሩ ጉባኤ ድምፅ እንዳይሰጡ በጋዜጣቸው ሰባት ዓመት ሙሉ የተከራከሩ፣ ከተሸነፉም በኋላ ሃሳባቸውን ያልለወጡ ሰው ነበሩ። ይህን መግለጫ ከሚያወጣው ኮሚቴ ሰባት አባላት ደግሞ አራታችን ሴቶች ነን። በዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ ተስማምተን አናውቅም። ግን ማን ነው እንደሳቸው የተወደደ? እኛ ሴቶቹ ከሳቸው የምንጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበረ፤ አንዲት እርማት። መጣች ወይስ አልመጣች የሚለውን በቦታው እንደርስበታለን።

ወ/ሮ የሻሽወርቅ በ1945 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። አዲስ አበባ በአንድ ማተሚያ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት በፊደል ለቃሚነት አገልግለዋል። ያኔ ገጽ የሚሠራው የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየተለቀመ፣ ተገልብጦ እየተደረደረ ነበርና፣ የተገለበጠ ጽሑፍ ማንበብ ለሳቸው እንደ ውሃ መጠጣት ነበር። ይህ ችሎታቸው እዚህ አገር መጥቶ ስንቱን አባል እንደጠቀመ ተቆጥሮ አያልቅም። የመኖሪያ ወረቀት ልናሳድስ ስንሄድ አብረውን ይገቡና፣ ከመስኮቱ ማዶ ያለው ሠራተኛ የሚሞላውን ፎርም ገልብጠው እያነበቡ «ስምሽ አንድ ፊደል ጎድሎታል፣ አሁኑኑ ንገሪው» ይሉን ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከአቶ ገብረሥላሴ ወልዴ ጋር ወደ ጆሃንስበርግ መጡ። መጀመሪያ ያረፉት ሂልብሮው ሰፈር፣ አንድ ክፍል ለሦስት ቤተሰብ በተከፈለበት ፎቅ ላይ ነበር። ክፍሉን የከፈለውን መጋረጃ የሰፉት እሳቸው ናቸው። የጎረቤት ሰው አይቶ «ለኛም ስፊልን» አለ፤ በዚያው ንግድ ሆነ። እስከ ዘንድሮ ጄፒ መንገድ ላይ መጋረጃና አንሶላ ሲሸጡ የኖሩበት ሱቅ አጀማመሩ ይህ ነው። የዙሉ ደንበኞቻቸው «ጎጎ» ይሏቸዋል፤ አያቴ እንደማለት ነው። አቶ ገብረሥላሴ በ1998 ዓ.ም. አረፉ። ወ/ሮ የሻሽወርቅ የባለቤታቸውን የእድር ካርድ የወረሱት ያኔ ነው። ይህች ካርድ በኋላ ትመጣለችና አንባቢ ይያዝልን።

በ1997 ዓ.ም. መስከረም ወር የ«ጎረቤት» የመጀመሪያ ቁጥር ወጣች። ስምንት ገጽ ናት። ማን ወለደ፣ ማን አረፈ፣ የትኛው መስሪያ ቤት በየትኛው ቀን ወረፋው ይቀላል፣ የትኛው ታክሲ ከየት ይነሳል፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነበር። አሌክሳንድራ ውስጥ ስፓዛ የምንላቸውን የሰፈር ሱቆች የያዙ አባሎቻችን ከዳቦና ከስልክ ካርድ ጋር «ጎረቤት»ንም ይረከቡ ነበር። አማርኛ ለብዙዎቻችን ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ ከሆሳዕናም፣ ከዱራሜም፣ ከወላይታም የመጣን ነን። ወ/ሮ የሻሽወርቅ ታዲያ አንድ አረፍተ ነገር ሦስት ሰው ካልገባው እንደገና ይጽፉት ነበር። ከኛ መካከል አንዳንዶቻችን አማርኛ ማንበብ የለመድነው በ«ጎረቤት» ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ደንብ ነበራቸው። ስህተት በወጣበት ገጽ፣ በወጣበት ፊደል መጠን ይታረማል። በ2002 ዓ.ም. በገጽ አንድ ላይ በትልቁ «የአቶ ማናሴ ባለቤት ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች» ብለው አወጡ። ሴት ነበረች። በወሩ፣ በዚያው ገጽ አንድ ላይ፣ በዚያው ትልቅ ፊደል «እርማት፦ የአቶ ማናሴ ልጅ ሴት ናት፤ ስሟም ዝማሬ ነው፤ አዘጋጇ ይቅርታ ትጠይቃለች» ወጣ። አቶ ማናሴ «ኧረ እትዬ፣ በታች በትንሹ ቢሆን ምን ነበረበት፣ አገር ሳቀብኝ» ቢሏቸው፣ «ስህተቱን በትልቁ ከተናገርኩ ይቅርታውን በሹክሹክታ አልናገርም» ብለዋል። ዝማሬ አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ያችን ገጽ ክፍሏ ግድግዳ ላይ ለጥፋታለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የእድራችን የድሮ ደንብ አንድ ቤት አንድ ካርድ ነበር። ካርዱ በአባወራው ስም ይጻፋል፤ በዓመታዊው ጉባኤ እጅ የሚያወጣውም ባለ ካርዱ ነው። ባል ሲሞት ብቻ ካርዱ ለሚስት ያልፋል። የቀረነው ሴቶች በዕለቱ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ማድ ቤት ወጥ ላይ ነን። በጥር 2003 ዓ.ም. ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ «በአንድ ቤት ያለ አዋቂ ሁሉ፣ ሴትም ወንድም፣ ድምፅ ይኑረው» የሚል ሃሳብ ቀረበ። እኛም ልንሰማ ማድ ቤቱን ጥለን አዳራሹ በር ላይ ተኮለኮልን። ሃሳቡ ወደቀ። ወጡም አረረ። ያን ቀን መቶ ሃያ ሰው እንጀራ በሰላጣ በላ።

በየካቲት ወር «ጎረቤት» ቁጥር 78 ገጽ አንድ ላይ ያ ታዋቂ ርዕስ ወጣ፦ «እጅ ስናወጣ ወጡ ያራል»። ከጽሑፉ ጥቂት እንጥቀስ፤ በሳቸው ቃል መስማት ይሻላል።

«እኔም ሴት ነኝ። የቤቱ ቁልፍ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የሱቁ ዕቃ፣ ማን ከማን ይታረቅ የሚለው ሳይቀር በእኛ እጅ ነው። ለወንዶቻችን የቀረቻቸው በዓመት አንድ ቀን እጅ ማውጣት ናት። እሷንም ከወሰድንባቸው ምን ሊሠሩ ነው? ሁሉንም እኛው ልንሠራላቸው ነው? ደግሞም ባልና ሚስት አንድ ካርድ ሲኖራቸው ከጉባኤው በፊት ቤታቸው ይመካከራሉ። ሁለት ካርድ ሲኖራቸው አዳራሽ መጥተው ይጣላሉ። እጅ ስናወጣ ወጡ ያራል፤ ጥር ላይ አይታችሁታል።»

እንግዲህ ምን እንላለን፣ ጽሑፉ ያናድዳል፤ ግን ይጥማል። የተናደድነው ሁሉ ሁለቴ አንብበነዋል።

ከተናደዱት ዋነኛዋ አሌክሳንድራ ስፓዛ ያላት የሆሳዕናዋ ልጅ ወ/ሮ ፊቤ ኤርሚያስ ነበረች። በሰባት ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፋለች። አሥራ ዘጠኙም ታትመዋል፤ አንድ መስመር አልተቆረጠባቸውም፤ ከአዘጋጇ መልስ ጋር ፊት ለፊት፣ እኩል ቦታ ተሰጥቷቸው። ይህም ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ወ/ሮ የሻሽወርቅ ሱቋ ደወሉላት።

«ፊቤዬ፣ አንደኛውና ሁለተኛው ምክንያትሽ ጥሩ ነው። ሦስተኛው ግን ደካማ ነው። በዚህ ከመጣሽብኝ በአንድ መስመር ነው የምጥልሽ። አጠንክሪውና መልሰሽ ላኪው።»

«እትዬ፣ እርስዎን እንድቃወም እርስዎ ሊያስተምሩኝ ነው?»

«ታዲያ ማን ያስተምርሽ? ድክመቴን ከኔ በላይ የሚያውቅ አለ?»

ፊቤ አጠንክራ ላከችው። በርካታ አባወራዎች ሃሳባቸውን የቀየሩት በዚያ ደብዳቤ ነው ይባላል።

በጥር 2010 ዓ.ም. ጉባኤ ሃሳቡ እንደገና ለድምፅ ቀረበ። እጅ ተቆጠረ። ሃምሳ ስምንት ለሃምሳ ስምንት። ሊቀመንበሩ አቶ ሀቢሶ ሦስት ጊዜ አስቆጠሩ፤ ያው ነው። ያኔ ነው አንድ ሰው አንዲት ካርድ እንዳልተቆጠረች ያስታወሰው፤ የወ/ሮ የሻሽወርቅ። ካርዷን ከወረሱ ጀምሮ አንድ ቀን እጃቸውን አውጥተውባት አያውቁም። አዳራሹ ሁሉ ወደሳቸው ዞረ። እሳቸው ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለጋዜጣው ይጽፋሉ።

«እትዬ የሻሽ፣ የእርስዎ ካርድ ቀርቷል» አሉ አቶ ሀቢሶ።

ሃሳቡን የሚቃወሙት አቶ ጌዴዎን ከኋላ ተነሡ። «ያውጡት እንጂ እትዬ! አንድ እጅ ነው የጎደለን! ሰባት ዓመት የጻፉለት ነገር እኮ ነው፣ በአንድ እጅ የሚያልቅ!»

ወ/ሮ የሻሽወርቅ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ጌዴዎን፣ ሴት ድምፅ አትስጥ ብዬ ሰባት ዓመት ጽፌ፣ ዛሬ ሴት ሆኜ ድምፅ ልስጥ? የጻፍኩትን ወረቀት ሁሉ አንተ ትበላልኛለህ?»

እጃቸውን አላወጡም። እኩል ሲሆን ደንቡ ውሳኔውን ለሊቀመንበሩ ይሰጣልና፣ አቶ ሀቢሶ ቀና ብለው ወደ ማድ ቤቱ በር አዩ። ባለቤታቸው ጭልፋ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። «ተፈቅዷል» አሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ እጅ ቢያወጡ ያሸንፉ ነበር። ማሸነፉን ትተው ቃላቸውን ጠበቁ። በወሩም በ«ጎረቤት» ገጽ አንድ ላይ እንዲህ ጻፉ፦ «ሴቶች ድምፅ አገኙ። አዘጋጇ አልተስማማችም። ቆጠራው ግን ትክክል ነው፤ አብሬ ቆጥሬያለሁ።» ቆጠራው ላይ ጥያቄ ሊያነሡ የነበሩ አባላት ይህን ሲያነቡ ጥያቄያቸውን ተዉት። የኛ ድምፅ ያለ ጭቅጭቅ የጸናው በተቃዋሚያችን ምስክርነት ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በእያንዳንዱ ጉባኤ እኛ ሴቶቹ ጭልፋ እንደያዝን አዳራሽ እየገባን እጅ አውጥተን እንመለሳለን። ወ/ሮ የሻሽወርቅም በየዓመቱ፣ ምግብ ከመቅረቡ በፊት፣ ማድ ቤት ይመጣሉ። ማንኪያ ይጠይቃሉ። ወጡን ከድስቱ ሥር ጠለቅ አድርገው ይቀምሳሉ። «እስካሁን ደህና ነው» ይሉና ይወጣሉ።

«እትዬ፣ እርማቷ መቼ ነው ታዲያ?» እንላቸዋለን ከኋላቸው።

«ስህተት ሲገኝ።»

በጥር 2016 ዓ.ም. የሆነውን ይህ ኮሚቴ ሊያሳንሰው አይፈልግም፤ ጥፋቱ የራሱ ነውና። ቴሌግራም እያለ ወረቀት ለምን ይባዛል ብለን «ጎረቤት» እንድትዘጋ ለጉባኤው ያቀረብነው እኛ ነን። ወ/ሮ የሻሽወርቅ ያኔ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ባል የላቸውም፣ ልጃቸው የራሷ ቤት አላት፣ ከሱቁ ሌላ የቀረቻቸው ይህች ጋዜጣ ናት። ሃሳቡ ሲነበብ ፊታቸው ተለወጠ፤ ያየነው ሁላችንም አልረሳነውም። ግን አልተናገሩም። ስለራሳቸው ጉዳይ በጉባኤ መናገር ተገቢ አይደለም ብለው ያምኑ ነበር።

የተናገረችው ፊቤ ናት። ከማድ ቤት ሮጣ መጥታ፣ ሽርጧን ሳትፈታ፣ «አይዘጋም! ከተዘጋ እኔ ከማን ጋር ልከራከር?» አለች።

«ሲቃወሙሽ አይደል እንዴ የኖሩት?» አላት አንዱ።

«ለዚያ እኮ ነው! ደብዳቤዬን ሳይቆርጥ የሚያወጣ ሌላ የት አለ? ቴሌግራሙ ላይ ስጽፍ ሰርዛችሁኝ የለ?»

ተሳቀ፤ እውነት ነበርና። አቶ ጌዴዎን ደግሞ ወደ ወ/ሮ የሻሽወርቅ ዞረው፣ «እትዬ፣ ዛሬ እንኳ፣ ለራስዎ ጋዜጣ እንኳ እጅዎን ያውጡ!» ብለው ለመኑ።

«እጄ ሥራ ላይ ነው፤ እየጻፍኩ ነው» አሉ። ቀና አላሉም።

ተቆጠረ። ትዘጋ ያለ ሰባ አንድ፣ ትቀጥል ያለ ዘጠና ሰባት። ከዘጠና ሰባቱ ስድሳ ስምንቱ የሴት እጅ ነበር። ማለትም አይገባም ያሉት ድምፅ ባይኖር ጋዜጣዋ ያን ቀን ታልቅ ነበር። ይህን አዳራሹ ውስጥ ያላሰላ ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም ጭምር።

በየካቲት ሁላችንም ጋዜጣዋን ስንቀበል መጀመሪያ የገለጥነው የእርማት ሳጥኗን ነው። አንድ የታክሲ መነሻ ሰዓት ታርሟል። ስለ ጉባኤው የተጻፈው «‹ጎረቤት› በጉባኤው ውሳኔ ትቀጥላለች» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። እውነቱን እንናገር፣ አንዳንዶቻችን ቅር ብሎን ነበር። ምስጋና አልፈለግንም፤ ግን አንዲት ቃል ጠብቀን ነበር። ከዚያ ወዲያ እስከ ዘንድሮ፣ በየወሩ፣ መጀመሪያ የምንገልጠው እርማቷን ሆነ። አልወጣም።

ወ/ሮ የሻሽወርቅ ሆስፒታል ከገቡ በኋላም ሥራ አላቆሙም። የኅዳርን ቁጥር፣ ቁጥር 255ን፣ አልጋ ላይ ሆነው ጨርሰው ጄፒ ላይ ማባዣ ቤት ላለው ለአቶ ኢዮኤል ሰጡት። «ከወጣሁ እኔው አየዋለሁ። ካልወጣሁ አንድ ፊደል እንዳትነካ» ብለውታል። አስከሬናቸውም ወደ አገር ቤት እንዳይላክ፣ ከባለቤታቸው አጠገብ እንዲያርፉ አስቀድመው ለልጃቸው ተናግረው ስለነበር፣ ሐሙስ ጥቅምት 13 ቀን እዚሁ ጆሃንስበርግ በክብር አሳርፈናቸዋል። «እኔ የታተምኩት እዚህ ነው» ብለው ነበር።

በሠልስቱ ዕለት አቶ ኢዮኤል ፖስታውን ይዞ ሜይፌር በቤታቸው በር ወደ ተተከለው ድንኳን መጣ። ለልጃቸው ለወ/ሮ ፀገነት ሰጣት። ፀገነት የመጀመሪያውን ገጽ አየችና ለፊቤ አቀበለቻት። ፊቤ ቆማ አነበበችው። ገጽ አንድ ላይ ነው፣ ከላይ፣ በቁጥር 78ቱ ርዕስ ፊደል መጠን።

«እርማት። በየካቲት 2003 ዓ.ም. በወጣው ቁጥር 78 ገጽ አንድ ላይ ‹እጅ ስናወጣ ወጡ ያራል› ተብሎ ታትሟል። ከዚያ ወዲህ ሴቶች ድምፅ በሰጡባቸው ስድስት ጉባኤዎች፣ ከኮሮናው ዓመት በቀር ማለት ነው፣ ወጡን ራሴ ቀምሻለሁ። አላረረም። አዘጋጇ ለስህተቱ ይቅርታ ትጠይቃለች። ስለ ድምፁ ያላት ሃሳብ ግን እንዳለ ነው። ፊቤ መልስ መጻፍ ከፈለገች ገጽ ሁለት ክፍት ተትቶላታል።»

ገጽ ሁለትን ገለጥነው። ባዶ ነበር። ከላይ «ፊቤ ኤርሚያስ» የሚል ስም ብቻ።

የለቅሶ ድንኳን ውስጥ እንዲህ ተስቆ አያውቅም። ፀገነት እንባዋን እየጠረገች «ይኸው! ግማሽ እርማት!» አለች። አቶ ጌዴዎን እንኳ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ይዘው ሲንቀጠቀጡ ለቅሶ ነው ብለን ውሃ አመጣንላቸው፤ ሳቅ ነበር። ፊቤ ግን ገጽ ሁለትን አጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው።

እድራችን ለልጃቸው ለወ/ሮ ፀገነት ገብረሥላሴና ለልጆቿ፣ ደሴ ለሚገኙት እህታቸው ለወ/ሮ አለምወርቅ ተካ፣ ለጄፒ ጎረቤቶቻቸውና ጎጎ እያሉ ለሚወዷቸው ደንበኞቻቸው፣ እንዲሁም በየሰፈሩ ለ«ጎረቤት» አንባቢዎች ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ፀገነትዬ፣ እናትሽ ያንቺ ብቻ አልነበሩም፤ ሐዘኑንም ብቻሽን አትሸከሚውም።

ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል። ቁጥር 255 አንድ ፊደል ሳይነካ ይታተማል፤ ገጽ ሁለት በወ/ሮ ፊቤ መልስ ይሞላል። መልሱ ትናንት ደርሶናል፤ ሦስተኛው ምክንያቷ በጣም ጠንካራ ነው። የአቶ ገብረሥላሴና የወ/ሮ የሻሽወርቅ ካርድ ለወ/ሮ ፀገነት ያልፋል፤ እጇን ብታወጣበትም ባታወጣበትም የራሷ ጉዳይ ነው። አዲስ አዘጋጅ በጥር 2018 ዓ.ም. ጉባኤ፣ በሁሉም አባላት ድምፅ ይመረጣል።

በዚያ ዕለት እኛ ሴቶቹ ሁላችንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳራሽ ውስጥ እንሆናለን። ድስቱን እንዲጠብቁ አቶ ሀቢሶና አቶ ጌዴዎን ተመድበዋል። ካረረ፣ በየካቲቱ «ጎረቤት»፣ ገጽ አንድ ላይ፣ በትልቁ ፊደል እናርማለን።

የሜይፌርና አካባቢው ኢትዮጵያውያን መረዳጃ እድር
ስለ ሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴው፣ ራሄል ማናሴ፣ ጸሐፊ
ጆሃንስበርግ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.